ኦሲቲ ምንድን ነው? ገና ያልቆሰለ የሚመስል ልም አጥንትን በብርሃን መመርመር

የዶሮ ጭን ተግጦ ሲያልቅ በአጥንቱ ጫፍ ላይ የሚቀረው ነጭ፣ አብረቅራቂና አንሸራታች ሽፋን፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት ልም አጥንት ነው። በሰው ጉልበት ውስጥ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው እርሱ ነው። የደም ሥርም ሆነ ነርቭ ስለሌለው ግን ሲጎዳ ራሱ አያምም፣ በቀላሉም አያገግምም።

ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ዞሮበት ኤሲኤል የተባለው ጅማት የተበጠሰበትን ሰው እንውሰድ። ራጅ ልም አጥንቱን አያሳይም፤ የተለመደው ኤምአርአይ የጅማቱን መበጠስ በደንብ ቢያሳይም በልም አጥንቱ ውስጥ የጀመረውን ረቂቅ ለውጥ ሊያልፈው ይችላል። በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ መገጣጠሚያውን ውስጡን በማየት ዘዴ) የሚገባው ካሜራ ደግሞ የሚያየው ላዩን ብቻ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ጫፉ ቆልመም ባለ ቀጭን ብረት ጫን እያደረገ ልስላሴውን ይፈትሻል፤ ፍርዱም በአብዛኛው በእጁ ስሜት ላይ ያረፈ ነው።

ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊ፣ ባጭሩ ኦሲቲ፣ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚሞከርበት ዘዴ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዋወቀ ሲሆን፣ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በዓይን ሕክምና ነው። ሐሳቡ ከአልትራሳውንድ ጋር ይመሳሰላል፤ በድምፅ ፋንታ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል። ብርሃን እጅግ ፈጣን በመሆኑ የመመለሻ ጊዜውን በቀጥታ መለካት ስለሚያዳግት፣ ጨረሩ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ልም አጥንቱ፣ ሌላው ወደ መስታወት ይሄዳል። ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ እኩል ርቀት የተጓዙት ሞገዶች በመደራረብ ምልክት ይሰጣሉ፤ ብርሃኑ ከየትኛው ጥልቀት እንደተመለሰ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ውጤቱ ሳይቆረጥ የተገኘ የቁራጭ ምስል ሲሆን፣ ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር (አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚደርስ ዝርዝር ይለያል።

ትልቁ ነገር የሚታየው ልም አጥንቱን በሚያጠነክሩት፣ ኮላጅን በተባሉ የፕሮቲን ክሮች ላይ ነው። በጤናማ ልም አጥንት ውስጥ ክሮቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ፣ መሣሪያው ዘንበል ሲደረግ ምስሉ ላይ ደማቅና ጥቁር መስመሮች ይፈራረቃሉ። በምት የተናጋ ልም አጥንት ግን ላዩ ለስላሳ ሆኖ ሳለ እነዚህ መስመሮች ሊደበዝዙ ወይም ሊጠፉ ይችላሉ። መስመሮቹ በጨረሩ አቅጣጫም ስለሚለዋወጡ፣ በአንድ እይታ ብቻ መፍረድ ስህተት ይመስለኛል።

ብርሃኑ ዘልቆ የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ የወፍራሙ ልም አጥንት ሥር አይታይም። ዓይን በተፈጥሮው ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ስላለው ታማሚው አገጩን አስደግፎ ይመረመራል፤ ጉልበት ግን እንዲህ ያለ መስኮት የለውምና መሣሪያው በቀዳዳ መግባት አለበት። ስለዚህ ይበልጥ የሚመቸው ጅማቱን ለመጠገን መገጣጠሚያው አስቀድሞ ለተከፈተለት ታማሚ ነው።