ጌሙ ላይ ያለው 18 ምን ማለት ነው?

ሐዋሳ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነን። አርባን የተሻገረ ጓደኛዬ 18 የተጻፈበትን ሲዲ አንስቶ «ይሄ ለእኛ ለትልልቆቹ የተሠራ ነው» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። ግን አይደለም።

ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ይዘቱ ብቻ ነው። ደም፣ ስድብ፣ ወሲብ፣ ቁማር አለበት ወይ? የአውሮፓው የጌም ዕድሜ ደረጃ ሰጪ ፔጊ (PEGI) ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጌሞችን በዕድሜ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ብሎ ይለያል። በ1994 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካው አቻው ኢኤስአርቢ (ESRB) ደግሞ «ኤም» ሲል 17 ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ማለቱ ነው። የጌሙን ከባድነት ወይም የታሪኩን ብስለት አይለኩም። የቼዝ ጌም 3 ቢባል፣ ቼዝ የሕፃን ጨዋታ ነው ማለት አይደለም።

ጓደኛዬ የሚፈልገው ሌላ ነው። ከሥራ ደክሞ ሲገባ የጣት ፍጥነት የማይጠይቀው፣ ልጅ ሲጠራው አቁሞት የሚነሳ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ጸጸት የሚያወራ ታሪክ። ተገቢ ፍላጎት ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ለዚህ ግን ሽፋኑ ላይ ምልክት የለም። የጌሙን ታሪክ ማንበብ፣ የተጫወተውን ሰው መጠየቅ ይሻላል። 18ቷ የምትጠቅመው ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ነው፤ ያኔ በጣም ትጠቅማለች።