«አክቲቭ አንቴና» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአልትራ ዋይድባንድ (እጅግ ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል የሚጠቀም) ራዳር ውይይታችን ላይ «አክቲቭ አንቴና» ራሱ ሞገድ የሚያመነጭ አንቴና የሚመስላቸው አባላት በመብዛታቸው፣ ቃሉን ማብራራት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አክቲቭ የተባለው ምልክቱን የሚያጎላው ትራንዚስተር፣ ማለትም ማጉያው፣ ከረጅም ኬብል ማዶ ሳይሆን እዚያው አንቴናው እግር ሥር፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ስለሚበየድ ነው።

ከርሰ ምድርን ለሚቃኝ ራዳር የተለመደውን 500 ሜጋኸርዝ እንውሰድ። የሞገዱ ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የ5 ሴንቲ ሜትር ዘንግ የሞገዱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ናት፤ ይህች አጭር ዘንግ እንደ ትንሽ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም የኤሌክትሪክ ክፍል) ስለምትሆን፣ በቀጥታ ከ50 ኦም ኬብል ጋር ብትገናኝ ከተቀበለችው ምልክት ብዙው ወደ ኬብሉ አይገባም። ከፍተኛ የመግቢያ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ) ያለው ትራንዚስተር እግሯ ሥር ሲቀመጥ ግን ቮልቴጁን ብዙም ሳያዳክም ተቀብሎ፣ በሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል ለኬብሉ ያስረክባል።

ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ማጉያው ከምልክቱ ጋር የገባውን ኖይዝም (የማይፈለግ ረብሻ) እኩል እንደሚያጎላና የራሱንም እንደሚጨምርበት ነው፤ ስለዚህ በእኔ እምነት ዲዛይን ሲጀመር ከጌይኑ (ከማጉላት መጠኑ) በፊት ኖይዙ ሊታሰብ ይገባል። በተጨማሪም ትራንዚስተሩ ምልክትን የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ለመቀበያ የተሠራው አክቲቭ አንቴና ለመላኪያ አይሆንም። ይህ ሁሉ የተረጋገጠ ሲሆን፣ የጌይኑና የኖይዙ መጠን ግን እንደ ትራንዚስተሩ ዓይነትና እንደ ሰሌዳው አሠራር ይለያያል።