ሙቀትና ወረርሽኝ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በሐረርጌ ተራሮች ግርጌ የምትገኝ፣ ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ አብዛኛው ነዋሪ ይህን የሚቋቋመው በመሣሪያ ሳይሆን በአኗኗር ሥርዓት ነው። ገበያው በማለዳ ይደምቃል፣ በቀትር ብዙ መደብሮች ይዘጋሉ፣ ከተማዋ ዳግም የምትነቃው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ወንዶች ሽርጥ አገልድመው፣ ሴቶች ስስ ድሪያ ለብሰው፣ በከዚራ ሰፈር ዛፍ በተተከለባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶችም ሆነ በመጋላ ሰፈር ጠባብ መተላለፊያዎች ነፋስ ፍለጋ ደጅ ይቀመጣሉ። ሌሊቱ ሲከብድ ፍራሽ ወደ ግቢ ይወጣል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲገለጽ የድሬዳዋ ሙቀት ወደ ላይ የሚወጣበት ወቅት ነበር። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል፣ «ቤታችሁ ቆዩ» የሚለው ምክር በቆርቆሮ ጣራ ሥር በአንዲት ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ከበሽታው ባላነሰ የሚያስጨንቅ ነበር። በዚያ ላይ ከሚያዝያ 16 ጀምሮ ረመዳን ገባ፤ ጾመኛው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ የሚውልበት፣ የተራዊሕ ሶላትም በየቤቱ የሚሰገድበት ወር ሆነ።

ሆኖም የነዋሪው ልማድ ሁሉ ከሕክምናው ምክር ጋር አይጋጭም። ቫይረሱ በይበልጥ የሚተላለፈው አየር በማይንቀሳቀስበት ዝግ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ግቢ ውስጥ ማደርና ተራርቆ ደጅ መቀመጥ ከሙቀቱም ከበሽታውም ይጠብቃል። አስጊው የከሰዓቱ በርጫ፣ ማለትም ለጫት መቃሚያ መሰባሰቡ ነበር፤ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ያለው ሰው ቤት ተሰብስቦ፣ መጋረጃ ጥሎ፣ ለሰዓታት ጎን ለጎን መቀመጥ። የወቅቱ መልእክት ግቢውንና ዝጉን ክፍል አለመለየቱ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ትልቁ ጉድለቱ ነበር።

ቬንትሌተርም (የአየር ማራገቢያው) ጥንቃቄ ይሻል፤ መስኮት ተዘግቶ ሲሠራ ያንኑ አየር ያዞራል እንጂ አያድስም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ሰውነትን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ሊያሞቅ ይችላል። በወረርሽኙ ጊዜ በየተቋሙ በር ላይ የግንባርን ሙቀት ይለካ የነበረው መሣሪያ ከፀሐይ የመጣን ሰው ትኩሳት እንዳለበት አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ እንግዳውን ጥቂት ደቂቃ ጥላ ሥር አስቀምጦ እንደገና መለካት ያስፈልግ ነበር።

ሀብታም ከተሞች መንገዳቸው ሌላ ነበር። ኒውዮርክ በ2020 እ.ኤ.አ. የሙቀት ወራት፣ ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ማቀዝቀዝ አደገኛ ስለሆነባት፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን ከ70,000 በላይ የአየር ማቀዝቀዣዎችን በነፃ አከፋፈለች። በሕንድ አህመዳባድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ብርቱ የሙቀት ማዕበል በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የሙቀት መከላከያ ዕቅድ በአንጻሩ በማስጠንቀቂያ፣ በመጠጥ ውኃና በጤና ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ያተኮረ በመሆኑ ለድሬዳዋ አቅም የሚቀርበው እሱ ነው።

ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ውኃ ላይ ይደርሳል። እጅ ለመታጠብም፣ ለመጠጣትም፣ ገላን ለማቀዝቀዝም ውኃ ያስፈልጋል፤ ቧንቧው በማይመጣበት ቀን የሚያገለግለው በጀሪካን፣ በበርሜልና በሮቶ የተጠራቀመው ነው። ክዳን የሌለው በርሜል ግን የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ድሬዳዋ የትኩሳት በሽታዎች የሆኑትን፣ በ2006 ዓ.ም. ደንጊን፣ ኮቪድ ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያን አስተናግዳለች፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው በቤት አካባቢ በተጠራቀመ ውኃ የምትፈለፈለው ኤዴስ ትንኝ ናት። በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወራት የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ስቴፈንሲ ከተባለች፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ከምትራባ መጤ የወባ ትንኝ ጋር ተያይዟል። በመሆኑም በድሬዳዋ ለሙቀት የሚደረግ ዝግጅት የበርሜል ክዳንንና ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠራቀሚያን ፈትጎ ማጠብን ይጨምራል።