የመስኮት ፎከስ ምንድን ነው? ለምንስ እምቢ ይላል?

ፕሮግራሙ ተነስቷል። የጽሑፍ ሳጥኑ ፊት ለፊት ይታያል። ትጽፋላችሁ፤ ምንም የለም። ዞር ብላችሁ ስታዩ ፊደሎቹ ከጀርባ የተከፈተ ሌላ ሰነድ ውስጥ ተዘርግፈዋል። መስኮቱ ታይቷል፣ ፎከሱ ግን አልመጣም።

ፎከስ ማለት “ኪቦርዱ አሁን የማን ነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ማውስ ይህ ጣጣ የለበትም። የተጫናችሁበት ቦታ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል። የኪቦርድ ቁልፍ ግን ስክሪኑ ላይ ቦታ የለውም። “ሀ” ስትጫኑ ፊደሏ ወደ የትኛው መስኮት፣ ከመስኮቱም ውስጥ ወደ የትኛው ሳጥን እንደምትሄድ ሲስተሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ባለተራው አንድ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከላይ መታየትን ከፎከስ ጋር ሲያምታታ ነው። “ሁልጊዜ ከላይ ሁን” የተባለ መስኮት ሌሎቹን ሁሉ ሸፍኖ ይቀመጣል፣ ኪቦርዱ ግን ከሥሩ ያለው ፕሮግራም ዘንድ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ ትክክለኛው መስኮት ገባሪ (ኪቦርዱን የያዘው መስኮት) ሆኖ፣ ፎከሱ ከጽሑፍ ሳጥኑ ይልቅ “ሰርዝ” የሚለው አዝራር ላይ ያርፋል። ከላይ መታየት፣ ገባሪ መሆንና ትክክለኛው ሳጥን ላይ ፎከስ መኖር ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ኮድ ከመነካካት በፊት የጎደለው የትኛው እንደሆነ መለየት ይሻላል።

ታዲያ ለምን በቀላሉ “ፎከስ ስጠኝ” ብሎ መቀማት አይቻልም? የይለፍ ቃል እየጻፋችሁ ሌላ መስኮት ዘሎ ከፊታችሁ ቢደቀን አስቡት። ግማሹ ምስጢር እዚያ ቀረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ዊንዶውስ ከ98 እና ከ2000 እትሞቹ ጀምሮ ከጀርባ ያለ ፕሮግራም ራሱን ፊት እንዳያመጣ የገደበው። መስኮትን ፊት የሚያመጣውን ሴትፎርግራውንድዊንዶው የሚባለውን ተግባር ብትጠሩም፣ ከታች አሞሌው ላይ አዝራሩ ብልጭ ድርግም ይልና ያበቃል። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች መስኮት የሚያሳዩበት ዌይላንድ የተባለው ሥርዓት ደግሞ ይብሳል። ተራ ፕሮግራም መስኮቱ ስክሪኑ ላይ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አይወስንም። ገደቡን የሚያልፉ ተንኮሎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። ዛሬ ሠርተው ነገ ይከዷችኋል። ዊንዶውስ ላይ ደህናው መንገድ፣ ተጠቃሚው አሁን እየሠራበት ያለው ፕሮግራም ለሌላው ፈቃድ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ችግር ከሲስተሙ አይደለም። ከችኮላ ነው። መስኮቱ ገና ሳይታይ ፎከስ እንጠይቃለን። መስኮት መሥሪያ በሆነው ጃቫ ስዊንግ ውስጥ ያልታየ ሳጥን ፎከስ ቢጠይቅ ጥያቄው ዝም ተብሎ ይቀራል፤ ስህተት እንኳ አይወጣም። መጀመሪያ መስኮቱን አሳዩ፣ ከዚያ ጠይቁ።

መጠንም እንደዚሁ ነው። በፓይተን የመስኮት መሥሪያ በቲኪንተር መስኮቱ ሳይሳል ወርዱን ብትጠይቁ 1 ፒክሰል ይላችኋል። እሱ አልዋሸም፣ እናንተ ቀደማችሁ። በዊንዶውስ መሠረታዊ ተግባር 800 በ600 ብላችሁ የከፈታችሁት መስኮት ውስጡ ከዚያ የሚያንሰውም ቁጥሩ ጠርዙንና የርዕስ አሞሌውን ጨምሮ ስለሚቆጠር ነው። የስክሪን ማጉያው 150 በመቶ ሲሆን ደግሞ ኮዳችሁ ስለማጉያው እንደሚያውቅ ካላሳወቀ፣ ሲስተሙ መስኮቱን ለጥጦ ያደበዝዘዋል።

አሁን ወደ አናዳጁ ልምጣ። ፎከስ ሲጠፋ የሚሠራው ኮድ ላይ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ እንዲቆም የሚያደርግ ምልክት) አድርጌ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር ዲበገሩ (ስህተት መፈለጊያው ፕሮግራም) ራሱ ፎከሱን ይወስዳል። ስቀጥል ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይሄዳል። የማሳድደው ስህተት በከፊል እኔው የፈጠርኩት ነበር። እዚያው ቦታ ላይ የመልእክት ሳጥን ማሳየትም ያው ነው፤ ሳጥኑ ፎከስ ይቀማል፣ ኮዱ እንደገና ይጠራል፣ አዙሪት ይሆናል።

ስለዚህ ፎከስ የመጣና የሄደበትን ሰዓትና የሳጥኑን ስም ፋይል ላይ ጻፉ። ፋይል ፎከስ አይቀማም። ከዚያ ፕሮግራሙን እንደ ተራ ተጠቃሚ ነካክታችሁ ዝጉትና ፋይሉን ክፈቱ። ባለተራነቱን ማን እንደወሰደባችሁ በቅደም ተከተል ተጽፎ ታገኙታላችሁ።