የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፦ ከጥንት ባሕር ወለል እስከ መሀል አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ ቅሪተ አካል ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ ትዝ የምትለው አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ሉሲ ናት። ሉሲ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለዕድሜ ናት። አገራችን ግን ከእሷ 50 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የቅሪተ አካል ሀብት አላት፦ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ። በቂ ወሬ አልተወራለትም ባይ ነኝ።

ስያሜው የመጣው ከእንግሊዛዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ከዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1868 በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጣ። ከመቀሌ በስተደቡብ፣ ሕንጣሎ አካባቢ ያየውን ድንጋይ በቦታው ስም ጠራው።

ዘመኑ የጁራሲክ መገባደጃ ነው፤ ከዛሬ 165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። ያኔ ጎንድዋና የሚባለው ግዙፍ አህጉር መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር። ማዳጋስካርና ሕንድ ከአፍሪካ ሲላቀቁ ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል እየገፋ ገባና እስከ ትግራይ ዘለቀ። ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ኮራል፣ ስፖንጅ፣ የባሕር ጃርት፣ ቀንድ አውጣ፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎልና ብራኪዮፖድ ኖሩበት፤ እንደ ጥምዝ ቀንድ የተጠቀለለው አሞናይትም ዋኘበት። ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወለሉ ላይ ተከመረ። ከኖራ ጭቃ ጋር ተጣብቆም ድንጋይ ሆነ። ክምሩ መቀሌ አካባቢ ከ700 ሜትር ያልፋል፤ ዓባይ ሸለቆ ላይ 400 ሜትር ገደማ ነው።

ከዚህ ድንጋይ አንድ ቁራጭ ሰብራችሁ በማጉያ መነጽር እዩት። ከግራጫው መሀል ቀጫጭን ነጫጭ ቅስቶች ብቅ ይላሉ። በጎን የተቆረጡ የዛጎል ስባሪዎች ናቸው። ቀጠን ያለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ቸስ ብሎ አረፋ ይደፍቃል፤ ካልሲየም ካርቦኔቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ነው።

አዲስ አበባ ራሷ የቆመችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው፤ እንጦጦም እንደዚያው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ የአንታሎን ገደል የሚያይ የለም። ግን ድንጋዩ በሌላ መንገድ ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን የሚያወጣው ከዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጋገርና ክሊንከር ይሆናል። ቶሎ እንዳይደርቅ ጂፕሰም ይጨመርበትና እንደገና ይፈጫል። በዚህ ሲሚንቶ የተሠራ አራት ኪሎ ያለ ፎቅ፣ ፒያሳ ያለ ደረጃ፣ ካልሲየሙ የዚያ ባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ነበር። ለእኔ ይህ ከሉሲ ያላነሰ አስደናቂ ነገር ነው። ሉሲን ሊያዩ አምስት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎችም ዛጎል ያለበት አንድ ቁራጭ በእጃቸው ቢይዙ ደስ ይለኛል።

ድንጋዩን በቦታው ማየት ለሚፈልግ የጎሐ ጽዮንና የደጀን መንገድ የሚያህል የለም። ቁልቁል ሲወረድ ከላይ ጥቁሩ ባዛልት ይገኛል። ከሥሩ የአንታሎ ገደል ነው። ቀጥሎ ጂፕሰም ያለበት የጎሐ ጽዮን ንብርብር፣ ወደ ወንዙ ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ዘመኑ ይርቃል። ባሌ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻም የዌብ ወንዝ የፈለፈለው የዚያኑ ዘመን የኖራ ድንጋይ ሰርስሮ ነው።

ባሕሩ ሲሸሽ በቦታው ወንዞች የጭቃ ደለል ዘረጉ። የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባለው ይህ ሽፋን ከአንታሎ በላይ ተቀምጧል። ከእሱም የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል።