«ካልወደድኩት ይሟሟል» እና ሌሎች የፊለር ወሬዎች

ቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ስለ ፊለር፣ ማለትም ከንፈርና ፊት ለመሙላት በመርፌ ስለሚወጋው ነገር፣ የማልሰማው የለም። «ምን ችግር አለው፣ ካልወደድኩት ይሟሟል!» የምትለዋ ነገር አንገፍግፋኛለች። ወደ እሷ ከመግባቴ በፊት ግን ትናንሾቹን ላጥራ።

«ፊለርና ቦቶክስ አንድ ናቸው።» አይደሉም። ቦቶክስ ጡንቻ ያላላል። ፊለር የጎደለ ቦታ ይሞላል።

«አንድ ሲሪንጅ ፊቴን ያሳብጠዋል።» አንድ ሲሪንጅ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ይይዛል። ፊታቸው ተነፍቶ የምታዩአቸው ብዙዎቹ ሲደራርቡ የኖሩ ናቸው።

«ስድስት ወር ሲሞላው ሙልጭ ብሎ ይጠፋል።» ሁልጊዜ አይደለም። ከዓመታት በኋላ በኤምአርአይ ቅሪቱ የታየባቸው ሰዎች አሉ።

«ለሰርጌ ሦስት ቀን ሲቀረው ብሠራው ይደርሳል።» ኧረ በእናታችሁ! ጥር በመጣ ቁጥር ይሄው ነው። እብጠቱና ብልዙ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ቢያንስ ከወር በፊት ኑ። ፎቶው ዕድሜ ልክ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

አሁን ወደ «ይሟሟል»።

የሚሟሟው ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራው ፊለር ብቻ ነው። ማሟሟቻው ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ከካልሲየም ወይም ከፖሊላክቲክ አሲድ የተሠሩትን ግን አይነካቸውም። ፈሳሽ ሲሊኮንማ ጭራሽ! የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ ሲሊኮንን ፊት ለማስዋብ በመርፌ እንዲሰጥ አልፈቀደም። ሆቴል ክፍልና ሰው ሳሎን ውስጥ ግን ምን እንደሚወጋ ማን ያውቃል?

አንዲት ልጅ ውጭ አገር ተወግታ መጣች። ከንፈሯ ውስጥ ጠጠር የመሰለ ነገር ይዳሰሳል። «ምንድን ነው የወጉሽ?» አልኳት። «ጥሩው ነው ያሉኝ፣ የኮሪያው» አለችኝ። የኮሪያው ምኑ? ሳጥኑን አላየችም፣ ስሙን አልጠየቀችም። ሐኪማችን ኢንዛይሙን ሞከረላት፤ ጠጠሩ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ወደ ቀዶ ሕክምና ተላከች።

እሺ፣ የሚሟሟው ነው እንበል። እሱም ቢሆን ደም ስር ውስጥ ከገባ የደም መንገድ ይዘጋል። ደም ያጣ ቆዳ ደግሞ ይሞታል። አፍንጫ ላይና በሁለቱ ቅንድቦች መሀል ያሉት ደም ስሮች ከዓይን ደም ስር ጋር ይገናኛሉ። ፊለሩ በግፊት ወደ ኋላ ከሄደ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ለቆዳው ያለው ጊዜ ሰዓታት ነው፣ ለዓይን ደግሞ ደቂቃዎች። የጠፋ ዓይን በኢንዛይም የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። «ካልወደድኩት» የሚሉት ሰዎች የሚያስቡት ስለ መልክ ብቻ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ምልክቱን እወቁ። ቆዳው ድንገት ይነጣል ወይም መረብ የመሰለ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። በእኛ ቆዳ ላይ መንጣቱ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ተጫኑትና ልቀቁት፤ ደሙ ቶሎ ካልተመለሰ ችግር አለ። ሕመሙም እየጨመረ ይሄዳል። ብዙ ፊለሮች ማደንዘዣ ስላለባቸው ግን አለማመማችሁ ብቻውን አያስተማምንም። ዓይናችሁ ብዥ ካለ በቴሌግራም ፎቶ እየላካችሁ «ይሄ ኖርማል ነው?» አትበሉ። ወደ ሐኪም ሩጡ!

ከመቀመጣችሁ በፊት ሳጥኑ ፊታችሁ ይከፈት። የምርቱ ስምና መለያ ቁጥር ያለበትን ስቲከር ፎቶ አንሱት። «ሃያሉሮኒዴዝ እዚህ ክፍል ውስጥ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «እናስመጣለን» ከተባላችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። ፊለርን ያለ መርፌ በግፊት ያስገባል የሚባለውን «ሃያሉሮን ፔን» ኤፍዲኤ በ2021 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆበታል፤ ቲክቶክ ላይ ግን አሁንም ይሸጣል።

እናንተም አትደብቁን። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ይቆይ። ጠባሳችሁ አብጦ የሚያድግ ከሆነ ንገሩን። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነም እንዲሁ፤ ሐኪም ያዘዘውን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ከንፈራችሁ ላይ ምች የሚመላለስባችሁ ከሆነ መርፌው ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል። አሁን ወጥቶባችሁ ከሆነ ሊፕስቲክ ቀብታችሁበት አትምጡ፤ እስኪድን ቀጠሮ ቀይሩ።