ለጂአርኢ የሂሳብ ፈተና መዘጋጀት

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሂሳብን በዶክትሬት ደረጃ ለማጥናት የሚያመለክቱ ተማሪዎች ከሚወስዷቸው ፈተናዎች አንዱ የጂአርኢ የሂሳብ ፈተና ነው። የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በኒው ጀርሲ የሚገኘው ኢቲኤስ የተባለ የፈተና አዘጋጅ ድርጅት ሲሆን፣ የየትኛውም መስክ አመልካቾች ከሚወስዱት ከአጠቃላይ ጂአርኢ ጋር ሊምታታ አይገባም። የአጠቃላዩ ፈተና የሂሳብ ክፍል ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም አይርቅም፤ ካልኩሌተርም ይፈቀድበታል። ይኸኛው ግን በመጀመሪያ ዲግሪ የተማሩትን ሂሳብ ያለ ካልኩሌተር የሚፈትን ነው።

ፈተናው በ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ የሚሠሩ፣ አምስት አምስት ምርጫ ያላቸው 66 ያህል ጥያቄዎች የያዘ በመሆኑ፣ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ግማሽ ያህሉ ጥያቄ ከካልኩለስና ከእሱ ጋር ከተያያዙ ርዕሶች፣ ሩቡ ከሊኒየር አልጀብራ፣ ከአብስትራክት አልጀብራና ከመሰሎቻቸው፣ ቀሪው ሩብ ደግሞ ከሪል አናሊሲስ፣ ከቶፖሎጂ፣ ከፕሮባቢሊቲ፣ ከኮምቢናቶሪክስና ከሌሎችም ተውጣጥቶ ይቀርባል።

የዝግጅቱን አካሄድ ሊወስን የሚገባው ይኸው ክፍፍል ነው። ተመራቂ ተማሪ በቅርብ የተማራቸውን ከባድ ኮርሶች መከለስ ይቀናዋል፤ ነጥብ የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛና በሁለተኛ ዓመት ተምሮ በዘነጋው ካልኩለስ ነው። ለምሳሌ ጫፎቹ (0፣0)፣ (4፣0) እና (0፣3) የሆኑትን ሦስት ማዕዘን በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ በመዞር፣ "ኤክስ ዲዋይ ሲቀነስ ዋይ ዲኤክስ" የተባለውን ላይን ኢንቴግራል (በመስመር ላይ እየተዞረ የሚሰላ ኢንቴግራል) አስላ ቢባል፣ ሦስቱን ጎኖች አንድ በአንድ እየሄደ የሚያሰላ ተማሪ መልሱን ማግኘቱ ባይቀርም ደቂቃዎቹን ይጨርሳል። በዙሪያው ላይ የሚሰላውን ወደ ውስጡ ስሌት የሚቀይረውን የግሪንን ቲዎረም ያስታወሰ ግን ኢንቴግራሉ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት እጥፍ መሆኑን ወዲያው ያያል፤ ስፋቱ 6 ስለሆነ መልሱ 12 ነው። በአብስትራክት አልጀብራም ቢሆን 72 አባላት ያሏቸው አቤሊያን ግሩፖች (የአባላቱ ቅደም ተከተል ውጤቱን የማይለውጥባቸው)፣ ኢሶሞርፊክ የሆኑት፣ ማለትም አወቃቀራቸው አንድ ዓይነት የሆነው፣ እንደ አንድ ተቆጥረው፣ ስንት ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ፣ 72 የ8 እና የ9 ብዜት መሆኑን አይቶ ለ8 ሦስት፣ ለ9 ሁለት ዓይነት እንዳለ የሚያውቅ ሰው 6 ብሎ ያልፋል።

ፈተናው የሂሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) መጻፍን አይጠይቅም። የተመራማሪነት ችሎታን ይለካል ለማለት የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020ው የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በርካታ የትምህርት ክፍሎች ውጤቱን ግዴታ ማድረጋቸውን ትተዋል። ሆኖም የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ስም ተማሪ ለሚመርጡት መምህራን እንግዳ ለሆነ አመልካች፣ ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱትን ጨምሮ፣ ጥሩ ውጤት ትራንስክሪፕቱ ብቻውን የማይናገረውን ሊናገርለት ይችላል።

ከክለሳው ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓት ይዞ መሥራት ነው። ኢቲኤስ በነፃ ያወጣው የመለማመጃ ፈተና ስላለ እሱን ገና በጅምሩ ከማባከን ካልኩለሱ ከተከለሰ በኋላ በአንድ ቁጭታ መሥራት ይመረጣል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጸው ጀምሮ ፈተናው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ስለተዛወረ በጥያቄው ጎን እየጫሩ ማስላት ቀርቷል፤ ግራፉን ወይም ማትሪክሱን ከስክሪን ላይ እያዩ መገልበጥ ጊዜም ይበላል፣ ምልክትም ያሳስታል። ልምምዱም በዚያው መልክ ቢሆን ይሻላል።

ፈተናው በሴፕቴምበር፣ በኦክቶበርና በኤፕሪል ይሰጣል። አብዛኞቹ የማመልከቻ ቀነ ገደቦች ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ስለሚውሉ ለዚያው ዓመት የሚያገለግሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተማሪም ዋናው የጥናት ወቅት ክረምቱ ይሆናል ማለት ነው። ውጤቱ ከ200 እስከ 990 በአሥር በአሥር እየጨመረ የሚሰጥ ሲሆን ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ ደጋግሞ የተፈተነ ሰውም የትኛውን እንደሚልክ መምረጥ ይችላል።